ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

ውጤት የሚመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ምንታምር ሁሪሳ የዐሥረኛውን ሳምንት ውጤቷን ያየችው ጥርሷን እየፋቀች ነበር። ከዘጠና አራት ወደ ስልሳ አንድ ወርዷል። ከቁጥሩ ሥር ማብራሪያ ተጽፏል፦ «በሳምንቱ ውስጥ አንድ መቶ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ድንገተኛ የትንፋሽ መያዝ ተሰምቷል። ምክንያት፦ የተደበቀ ፍርሃት ሳይሆን አይቀርም። ወደ አገር የመመለስ ሐሳብ፦ አጠራጣሪ።»

መፋቂያውን ከአፏ አውጥታ ደግማ አነበበችው። ማለፊያው ሰማንያ ነው፤ የቀራት ደግሞ ሃያ ቀን ብቻ። በዚያ ሳምንት ያስፈራት ነገር አልነበረም። ከቤት ወደ ቤተ ሙከራ፣ ከቤተ ሙከራ ወደ ቤት፤ ሌላ የትም አልሄደችም።

«ምንቴ፣ ውሃ ጣድሽ?» አለች እናቷ ከጓዳ።

ምንታምር እንደ ወትሮዋ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። መስተዋቱ ውስጥ፣ ከአንገቷ ሥር የተለጠፈችው መብራት ቢጫ ስትሆን አየች። ቆም አለችና እንደገና ሳብ አደረገች። እንደገና ቢጫ። አንድ መቶ ዐሥራ ሁለቱ ፍርሃት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። በሳምንት ውስጥ አንድ መቶ ዐሥራ ሁለት ጊዜ «አዎ» ብላለች።

በሁለት ሺህ ሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ወደ ውጭ አገር ለትምህርት የሚሄድ ሰው ፈተና አይፈተንም። ዘጠና ቀን ይደመጣል። አድማጩ ሰሚው ይባላል፤ የሸሚዝ ቁልፍ ያህላል፣ አንገት ላይ ይለጠፋል፣ ሲበሉም ሲታጠቡም ሲጣሉም አይነሣም። ዕውቀትን በአንድ ሰዓት መዝኖ ይጨርሳል። በቀሩት ቀናት ሁሉ የሚያዳምጠው ተማሪው ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ ነው። ተማሪው በቀን ሦስት ጊዜ «እመለሳለሁ» ይላል። ሞቅ አድርጎ ያለው እንደሆነ «የተጋነነ» ይባልበታል፤ ቀዝቀዝ ካደረገው «የተሰላቸ»። ምንታምር ልከኛውን ድምፅ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጅቶባታል። «ዳቦ አልቋል» በምትልበት ድምፅ መሆኑን የደረሰችበት በአጋጣሚ ነው።

እናቷ ወይዘሮ ሽብሬ ሰሚው ቤቷ ከገባ ወዲህ ሐሜት ትታለች። ጎረቤት ሲመጣባት ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርግና ወደ ልጇ አንገት ታመለክታለች፤ ከዚያ ሁለቱ ሴቶች በዓይንና በእጅ ያወራሉ። ሳቅ ሲመጣባቸው ደጅ ወጥተው ስቀው ይመለሳሉ። ልጅቷ ስታስነጥስ እንኳ «ይማርሽ» የምትላት በሹክሹክታ ነው።

ምንታምር የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ መብራቱም በሩም የሚሠራው በዚያው በሰሚው ነው። ግድግዳ ላይ ያለው ሰሚ ድምፅ ካልሰማ ሰው የለም ብሎ መብራቱን ያጠፋል። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚያነብ ሁሉ በየዐሥር ደቂቃው ቀና ሳይል «አለሁ» ይላል። አንዱ ሲል ሌላው ይቀበላል፤ ከዳር እስከ ዳር «አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ»። ሰው ግን ሁሉን ነገር ይለምዳል፤ ምንታምርም እቤቷ ተኝታ «አለሁ» እያለች እንደምትቃዥ የነገረቻት እናቷ ናት።

ይህን ሁሉ የቻለችው ለአንድ ነገር ብላ ነው። ያደገችበት ቆርኬ የሚባለው መንደር የጉድጓድ ውሃ ይጠጣል። ውሃው ሲያዩት ኩልል ያለ ነው፤ ውስጡ ግን ፍሎራይድ አለበት። ልጆች በሰባት ዓመታቸው ጥርሳቸው ይበልዛል፤ ጎልማሶች በአርባ ዓመታቸው ወገባቸው ይጎብጣል። ምንታምር ከአጥንት አመድ ጋር ተለውሶ የሚተኮስ ሸክላ ውሃውን እንደሚያጣራ አሳይታለች፤ ሸክላው ግን በሁለት ወር ይደክማል። ለምን እንደሚደክም የሚታይበት መሣሪያ ያለው ባሕር ማዶ፣ አንድ ተቋም ውስጥ ነው። ተቋሙ በዓመት አንድ ሰው ይወስዳል፤ ትምህርቱን፣ መኖሪያውን፣ መሳፈሪያውን ችሎ። ዘንድሮ የወሰደው እሷን ነው። ሰሚው ካሳለፋት።

አፏን ተጉመጥምጣ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው የውጭ ግንኙነት ክፍል ሄደች።

አቶ ይታገሱ የተማሪ ጉዳይ የሚጨርሱ ሰው ናቸው። ውጤቱን አዩና ምንም አልገረማቸውም።

«የትንፋሽ ነገር ነው» አሏት። «ሰሚው ትንፋሽ መቁጠር የሚጀምረው በዐሥረኛው ሳምንት ነው፤ ሁሉም ላይ ይመጣል።»

«ማለት ይታወቃል?»

«አዎ» አሉ፤ ጮክ፣ ጥርት አድርገው። ግድግዳ የተናገረ መሰላት። «ወደ ውስጥ የምንስበውን አያውቀውም። እንደ ድንጋጤ ነው የሚይዘው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ እዚህ ከመጣሁ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነው።»

«በዐሥራ ሁለት ዓመት አንድ ሰው አልነገራቸውም?»

«ተነግሯቸዋል እንጂ። እኔ ራሴ አራት ጊዜ ጽፌያለሁ። መሣሪያው ለሁሉም አገር የተሠራ ነው፣ ለአንድ አገር ብለን አንለውጥም፣ ተመዛኞች ይልመዱት ብለው መለሱ።»

«እንግዲያው እኛ ከሁሉም አገር ውስጥ የለንም።»

አቶ ይታገሱ መዝገባቸውን ገለጥ አደረጉ። «የትንፋሽ ማረሚያ አለ፤ ሁለት ሳምንት ነው። ላስመዝግብሽ?»

ምንታምር ትንፋሿን ሳብ አደረገች። አንገቷ ሥር ያለችው መብራት ቢጫ ሆነች። አቶ ይታገሱ እንዳላየ ሰው ፊታቸውን አዞሩ።

ማረሚያው ክፍል ውስጥ ተማሪዎች ስምንት ሆነው ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አስተማሪዋ «ዛሬ ሰኞ ነው?» ትላለች፤ ተማሪው ከሆዱ ገፍቶ «አዎ» ማለት አለበት። ትንፋሽ የሳበ ሰው ይጨበጨብበታል። እነዚህ እንግዲህ ሕፃናት አይደሉም። አንዱ ድልድይ የሠራ መሐንዲስ ነው፤ አንዷ ሃያ ዓመት ከብት ያከመች የእንስሳት ሐኪም ናት። ሐኪሟ በሦስተኛው ቀን ዐሥራ አንድ ጊዜ ተጨብጭቦባት እንባዋ መጣ። አስተማሪዋ ሶፍት ሰጠቻትና «ደህና ነሽ?» አለቻት። ሐኪሟ ትንፋሿን ሳብ አደረገች። ተጨበጨበባት። የአንድ አገር ሕዝብ ትንፋሹን ከሚያርም አንድ ቁልፍ የሚያክል ዕቃ ጆሮውን ቢያርም ምናለበት ብላ ምንታምር በሆዷ ተሳደበች። ጮክ ብላ አልተናገረችም፤ ሰሚው አንገቷ ላይ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ለመደችው። እቤት ገብታ እናቷ «በላሽ?» ስትላት «አዎ» አለች።

ወይዘሮ ሽብሬ ክው አለች። «ምነው? ምን አደረግሁሽ?»

«ምንም። አዎ አልኩሽ እንጂ።»

«እሱንማ ሰማሁ። እንዲህ ጮኸሽ የምትመልሽልኝ ምን በድዬሽ ነው?»

እናትና ልጅ እስኪተኙ ድረስ ሳይነጋገሩ ቀሩ። ሰኞ ጠዋት ግን ውጤቷ ሰማንያ ስድስት ሆኖ መጣ።

ከዚያ የቀረው ዋስ ነው። ወረቀት ላይ መፈረም ድሮ ቀርቷል፤ ዋስ የሚሆን ሰው በአካል መጥቶ በገዛ አንደበቱ «አዎ» ይላል። ተማሪው ካልተመለሰ ዋሱ ዕድሜውን ሙሉ ከወረዳው እንዳይወጣ ይታገዳል። ዋሱ ተማሪውን ከተወለደ ጀምሮ የሚያውቅና እዚያው የትውልድ መንደሩ የሚኖር መሆን አለበት። የምንታምር አባት ሞተዋል፤ እናቷም ከመንደሩ ወጥታ ከተማ ከእሷ ጋር ነው የምትኖረው። ያሳደጓት የእናቷ ወንድም ጋሽ ደበሌ ናቸው።

ጋሽ ደበሌ ከቆርኬ የመጡት ስድስት ጠርሙስ የጉድጓድ ውሃ በዘንቢል ይዘው ነው፤ ለጥናትሽ ይሆናል ብለው። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ወገባቸው ግን ከአርባ ዓመታቸው ጀምሮ ታጥፎ ቀርቷል። ሲቆሙ የሚያዩት የራሳቸውን ጫማ ነው። ሰውን ለማየት አንገታቸውን ወደ ጎን ያዞራሉ።

«ካልተመለስኩ ከወረዳ አይወጡም፣ ጋሼ» አለቻቸው መጀመሪያ ነገሩን ስታስረዳቸው።

«በዚህ ወገቤ ወዴት ልሄድ?» አሉና ሳቁ።

የመስሚያው ክፍል ውስጥ አንድ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ አለ። ግድግዳው ላይ ትልቁ ሰሚ ተሰክቷል፤ እሱም አማርኛ ይናገራል፣ ትክክለኛ አማርኛ፣ የማንም እናት የማትናገረውን። በሩ ክፍት ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ሌሎች ተማሪዎች ከነዋሶቻቸው ተራ ይጠብቃሉ። ለአንድ ዋስ ሦስት ዕድል ይሰጣል።

«ስምዎ ደበሌ ቱሉ ነው?» አለ ሰሚው።

ጋሽ ደበሌ ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ።

«መልስ አልተሰማም። ስምዎ ደበሌ ቱሉ ነው?»

ሳብ አደረጉ፤ አሁን ራሳቸውንም ነቀነቁለት።

«መልስ አልተሰማም። የመጀመሪያው ዕድል አልቋል።»

ምንታምር ደጅ አውጥታ አስጠናቻቸው። ጋሼ፣ በአፍዎ «አዎ» ይበሉ፤ ሌላ ነገር አይጨምሩ። እሺ አሉ። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ገቡ። ስማቸውን ሲጠየቁ «አዎ» አሉ፤ መልስ ተመዘገበ፤ ምንታምር ደስ አላት።

«ተመዛኟን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቋታል?»

«እንዴ፣ ላላውቃት ነው?»

«ዋሱ ተመዛኟን እንደማያውቋት ገልጸዋል። ዋስ ለመሆን ፈቃደኛ ነዎት?»

«ምን ከፋኝ።»

«ዋሱ መከፋታቸውን ገልጸዋል። ተመዛኟ ትምህርቷን ስትጨርስ ትመለሳለች?»

«እግዜር ካለ።»

«ጉዳዩ የሦስተኛ ወገን ፈቃድ ይፈልጋል። ሦስተኛው ወገን ይቅረብ።»

ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሳቁ። ጋሽ ደበሌም አንገታቸውን ወደ ጎን አዙረው፣ ማን ነው የሚቀርበው በሚል ዓይን ምንታምርን አዩዋት። እሷ ግን አልሳቀችም። ሦስት ዓመት የለፋችበት ሸክላ፣ ዘጠና ቀን የተሸከመችው ቁልፍ፣ የተጨበጨበባት ጭብጨባ ሁሉ አንድ ላይ መጣባት።

«አዎ ማለት ምን ያቅታል?» አለች። «አንዲት ቃል ናት እኮ። አንዲት ቃል ማለት ያቅትዎታል?»

ኮሪደሩ ላይ ሳቁ ቆመ። ጋሽ ደበሌ ጫማቸውን አዩ።

«ብያለሁ እኮ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «እሱ አልሰማ ይሆናል። አንቺም አልሰማሽኝም?»

ሰምታቸዋለች። ጠዋት ሁለቱንም ጊዜ ሰምታቸዋለች። ዐሥር ዓመት ሙሉ፣ ትምህርት ቤት ልሂድ ስትላቸው፣ ከተማ ልሂድ ስትላቸው፣ አንድም ቀን ጮክ ብለው «አዎ» ብለዋት አያውቁም፤ አንድም ቀን ግን አልከለከሏትም። አሁን ቁልፍ ለሚያክል ዕቃ ወግና አሳዳጊዋ ላይ ጮኸችባቸው። እፍረቱ ፊቷን አቃጠላት። ከእፍረቱ ሥር ደግሞ ንዴት ነበር፤ ንዴቱ በእሳቸው ላይ አለመሆኑን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

«ሰምቻለሁ ጋሼ» አለች። «ይቅር ይበሉኝ።»

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ለመጨረሻው ዕድል ሲመጡ አቶ ይታገሱ ከበሩ ገለል አደረጓቸው።

«ለምን ትደክማላችሁ?» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዋሱ ይቀመጡና አፋቸውን ያንቀሳቅሱ። የቀረውን ለኔ ተዪው።»

«ምን ሊያደርጉ?»

ከኪሳቸው አንድ ትንሽ ማጫወቻ አውጥተው ጫን አደረጉት። «አዎ» አለ ማጫወቻው፤ ጮክ፣ ጥርት አድርጎ። «የወንድ ዋስ ከሆነ ይህንን ነው። ለሴት ዋስ ቀጠን የምታደርገው ቁልፍ አለች። አርባ አንድ ሰው አሳልፌበታለሁ።»

ምንታምር ድምፁን የት እንደምታውቀው ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀባትም። «የርስዎ ድምፅ ነው?»

«አዎ» አሉ አቶ ይታገሱ። ያው ነው። ርዝመቱም አይለያይም።

«እርስዎም ተመዛኝ ነበሩ ማለት ነው።»

«ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት። እኔን አሳለፈኝ፤ ማረሚያውን አንደኛ ሆኜ ነው የጨረስኩት። ዋሴ እናቴ ነበረች።» ማጫወቻውን በእጃቸው አገላበጡት። «ሦስት ቀን አመላለስኳት። መልስ አልተሰማም።»

አርባ አንድ ተማሪ ባሕር ማዶ ሲሄድ የአርባ አንድ አባትና እናት ቃል መዝገብ ላይ የለም። ያለው የአንድ ሰው «አዎ» ነው፤ አርባ አንድ ጊዜ። ምንታምር አቶ ይታገሱን ልትጠላቸው ሞክራ አልሆነላትም። ወደ ጋሽ ደበሌ ዞራ ነገሩን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ሌላ ሰው «አዎ» ይልልዎታል፤ እርስዎ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ እኔ እሄዳለሁ።

ጋሽ ደበሌ አንገታቸውን ወደ ጎን አዙረው አቶ ይታገሱን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው።

«ደግ ሰው ነህ ልጄ» አሉ። «ግን እኔ የምገባው ለማን ሆነና? ለሷ ዋስ የምሆነው እኔ ነኝ። ያንተን አፍ ተውሼ ከሆነ ዋሱ አንተ ነህ። እኔ እዚያ ምን አደርጋለሁ?» ከዚያ ወደ ምንታምር ዞሩ። «አንቺ ግን ይሁን ካልሽ ይሁን። ትምህርቱ የሚቀርብሽ አንቺ ነሽ።»

ምንታምር የውሃውን ዘንቢል አየች። ከዚያ ማጫወቻውን አየች። ያ ትንሽ ዕቃ ውስጥ የሦስት ዓመት ልፋት አለ፤ የቆርኬ ልጆች ጥርስ አለ። እሺ ብላ ብትሄድ የሚወቅሳት የለም። ነገር ግን የእኚህ ሰውዬ ቃል ከመዝገብ ተፍቆ፣ በቦታው የሌላ ሰው ድምፅ ገብቶ፣ እሷ በዚያ ላይ ተሳፍራ መሄዷን ስታስበው እንቢ አለች። ሰውዬው ብለዋል። አለመስማት የሰሚው ጥፋት ነው።

«በገዛ አፍዎ ይግቡ ጋሼ» አለች። «እንደሚሉት አድርገው ይበሉት።»

ዘንቢሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጋሽ ደበሌ ተቀመጡ። አቶ ይታገሱ ማጫወቻውን ጨብጠው በሩ ላይ ቆሙ፤ ከኋላቸው ተራ ጠባቂዎቹ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«ለምንታምር ሁሪሳ ዋስ ለመሆን ፈቃደኛ ነዎት?» አለ ሰሚው። አሁን የጠየቀው ዋናውን ብቻ ነው።

ጋሽ ደበሌ ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። ረጅም ነበር፤ እስከ ወገባቸው የደረሰ።

«መልስ አልተሰማም።»

«መልሰዋል» አለች ምንታምር።

«ተመዛኝ ለዋስ አይመሰክርም። መልሱን የሰማ ሌላ ሰው ካለ ይመስክር።»

ይህ ደንብ መኖሩን አታውቅም ነበር። ወደ በሩ ዞረች። መሐንዲሱ አለ፣ የእንስሳት ሐኪሟ አለች፣ ሽማግሌዎች አሉ፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች አሉ፤ ሃያ ሰው ይሆናል። የሁሉም ፊት ተቆጥቷል። ሐኪሟ እንዲያውም ዓይኗ ቀልቷል።

«እሳቸው አዎ ሲሉ ሰምታችኋል?» አለቻቸው ምንታምር።

ሃያው ሰው ትንፋሹን ሳብ አደረገ። ማረሚያውን የጨረሱትም፣ ያልጀመሩትም። አቶ ይታገሱ መጀመሪያ አፋቸውን ከፈቱ፤ «አዎ» ሊሉ ነበር፣ ልማድ ነው። ከዚያ አፋቸውን ገጠሙትና፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት ያልተከፈተ በር እንደሚከፍት ሰው እየታገሉ፣ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። የምንታምር አንገት ላይ ያለችው መብራት ቢጫ ሆነች፤ የተማሪዎቹ ሁሉ አንገት ላይ ያሉትም ቢጫ ሆኑ።



«ምስክር አልተሰማም» አለ ሰሚው። «በክፍሉ ውስጥ ሰው የለም። የምንታምር ሁሪሳ ቦታ ለተጠባባቂ ተላልፏል። ጉዳዩ ተዘግቷል።»

መብራቱ ጠፋ። መስኮት የሌለው ክፍል ነው፤ ኮሪደሩም አብሮ ጨለመ። ሁሉም ሰው ደንቡን ያውቃል፤ አንድ ሰው «አለሁ» ካለ መብራቱ ይመለሳል። ማንም አላለም። ሃያ ሰው ጨለማው ውስጥ ተፋፍጎ ቆሞ፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ እየነካ፣ አፉን እንደያዘ ቀረ።

ምንታምር እጇን ወደ አንገቷ ላከች። ቁልፏን ከቆዳዋ ላጠቻትና ጠረጴዛው ላይ፣ ከጠርሙሶቹ አጠገብ አስቀመጠቻት። ከዚያ በዳበሳ የጋሽ ደበሌን እጅ አገኘች።

«አለቀ ማለት ነው?» አሉ ጋሽ ደበሌ።

ምንታምር ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች።

ጋሽ ደበሌ ሰሟት።